እናቴ ከሐዘን አልወጣችም፤ ከዴንቨር የሚላከውን የእንጉዳይ ካፕሱል ልስጣት?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምንኖረው። ታናሽ ወንድሜ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የደወሌ መንገድ ላይ ተገልብጦ ካረፈ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ለእናቴ ግን ዛሬም ትናንት ነው። ጥቁሯን አላወለቀችም፤ አልጋውን በየቀኑ ታነጥፋለች፤ በደወሌ መውጫ በኩል አታልፍም። አስከሬኑ ሲመጣ ‹አይታይም› ብለው ሳጥኑን አልከፈቱላትም። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ማታ ማታ ደግሞ አሚትሪፕታይሊን የሚባል የድባቴ መድኃኒት። አባቴ ከጫት በርጫው አይነሣም፤ የወንድሜን ስምም አይጠራም። ዴንቨር ያለችው ታላቅ እህቴ ‹እዚህ ሐዘን የሚያክም እንጉዳይ አለ፤ ካፕሱሉን በሰው ልላክልሽና ለእማዬ ስጫት› እያለች ነው። የእናቴ ወንድም በወጣትነቱ ድምፅ እየሰማ ታሞ እንደነበረም ልንገርህ። እውነት ይሠራል? ልስጣት?»

መልስ፦

እህቴ፣ እኔም ሐረር ያደግሁ ነኝና አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ፤ በእኛ አገር አንተና አንቺ መባባል ንቀት እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። እናትሽን ግን እሳቸው ማለት ይቀናኛል። የአእምሮ ሐኪም ነኝ፤ ሐረርና ድሬዳዋ እየተመላለስኩ ነው የሠራሁት። ወደ ሐኪም ዘግይተው ከሚመጡ ችግሮች አንዱ ይኼ የእናትሽ ዓይነቱ ነው፤ ሐዘን ነው ይባላል እንጂ ሕመም ነው የሚል ሰው አይገኝማ።

መልሱን ላስቀድም፤ አትስጫቸው። ካፕሱሉም እንዳይላክ ዛሬውኑ ለእህትሽ ንገሪያት። እህትሽ የማይረባ ነገር ሰምታለች ማለቴ አይደለም። የሰማችው እውነት አለበት፤ ግን ግማሹን ነው የሰማችው። ለእናትሽ የሚበጀው ደግሞ ያልሰማችው ግማሽ ነው።

እንጉዳዩ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሲሎሳይቢን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1958 ለይቶ ያወጣው የስዊዘርላንዱ ኬሚስት አልበርት ሆፍማን ነው፤ ቀደም ሲል ኤል ኤስ ዲ የተባለውን፣ እንደ እንጉዳዩ የሌለ ነገር የሚያሳየውን ንጥረ ነገር የሠራውም እሱ ነው። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሲሎሲን ወደሚባል ነገር ይለወጥና አእምሮ ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለውን ኬሚካል የሚቀበሉትን ተቀባዮች ይነካል። ከ4 እስከ 6 ለሚሆኑ ሰዓታት የሚታየውም፣ የሚሰማውም፣ የጊዜ ስሜቱም ይቀያየራል። ሰው ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ በፍርሃት ይንቀጠቀጣል፣ የሞተ ዘመዱ አጠገቡ የተቀመጠ ይመስለዋል። ሳይኬደሊክ የሚባሉት እንዲህ ያሉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ለሞት የተቃረቡ የካንሰር ሕሙማንን በኤል ኤስ ዲ ለመርዳት ሞክረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ሲፈረም ሲሎሳይቢንም ኤል ኤስ ዲም በጥብቅ ከሚከለከሉት ተርታ ተመደቡ፤ ምርምሩም ለብዙ ዓመታት ተዳፍኖ ቆየ።

እንደገና ዜና የሆነው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሕይወታቸውን የሚያሰጋ ካንሰር ይዟቸው በጭንቀትና በድባቴ ለሚሠቃዩ 51 ሰዎች ሲሎሳይቢን ሰጡ። ከስድስት ወር በኋላም 80 በመቶ ያህሉ ጭንቀታቸውና ድባቴያቸው እንደቀለለ ነበር። እህትሽ ጆሮ የደረሰው ወሬ ምንጩ ይኼ ወይም የዚህ ዓይነቱ ጥናት ይመስለኛል። ግን ልብ በይ፤ እነዚያ ሰዎች የራሳቸውን ሞት የፈሩ ናቸው። ልጅ ቀብሮ መቅረት ሌላ ነው። «እሞታለሁ» የሚል ሰውና «ለምን እኔ ቀረሁ» የሚል ሰው ፍርሃታቸው አንድ አይደለም።

ወደ እናትሽ ጉዳይ የሚጠጋው ሌላ ጥናት ነው፤ እኔም ብዙ ያሰብኩበት እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነው። ሰዎቹ 18 ብቻ ናቸው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ይዘው ለረጅም ዓመታት የኖሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች ናቸው፤ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ጓደኞቻቸውን በላይ በላዩ ቀብረው፣ እነሱ ተርፈው፣ ተስፋ የቆረጡ። ያን ዘመን እኛም እናውቀዋለን፤ በጅቡቲ መስመር ላይ ያለች ከተማ ሰው ይኼን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ሲሎሳይቢኑን ስንት ጊዜ የወሰዱት ይመስልሻል? አንድ ጊዜ። በቡድን ተቀምጠው የተነጋገሩት ግን ከ8 እስከ 10 ጊዜ ነው፤ ከመድኃኒቱ በፊትም በኋላም። አንዱ ስለ ሟች ጓደኛው ሲናገር ሌሎቹ ይሰማሉ፤ ተራው ሲደርስ ሌላው ይቀጥላል። ተስፋ መቁረጣቸው ቀንሶ ታይቷል፤ ተመራማሪዎቹም ቢሆኑ የሚያነጻጽሩት ቡድን ስላልነበራቸው ውጤቱን የመጀመሪያ ምልክት ነው ከማለት አላለፉም። ይኼን ጽሑፍ ሳነብ እንጉዳዩን ረስቼ ያሰብኩት የለቅሶ ድንኳን ነው። እኛ ድንኳኑ ነበረን። ድንኳኑ ግን በሠልስቱ ይነሣል።

የሕክምናው ቀን ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፤ በካፕሱሉ የማይላከው ነገር እዚህ ውስጥ ነውና። ታካሚው አስቀድሞ ከሁለት ቴራፒስቶች፣ ማለትም በንግግር ከሚያክሙ ባለሙያዎች ጋር በተለያየ ቀን ለሰዓታት ይነጋገራል። ማንን እንዳጣ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ቢደነግጥ እጁን ቢይዙት ይፈልግ እንደሆነ ሁሉ ይነገራል። በቀኑ ጠዋት የደም ግፊቱ ይለካል። እንደ ሳሎን በተሰናዳ ክፍል ሶፋ ላይ ጋደም ይላል፤ ዓይኑን በጨርቅ ይሸፍናል፤ በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ ይሰማል። ሁለቱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ከአጠገቡ አይጠፉም። ብዙውን ጊዜ ምንም አይናገሩም፤ ሲያለቅስ «ይበቃሃል» አይሉትም። በማግስቱና በቀጣዮቹ ሳምንታት ደግሞ ያየው ነገር ለኑሮው ምን እንደሆነ አብረው ይፈትሹታል። እንጉዳዩን ከጥንት የሚያውቁት፣ በሜክሲኮ ኦአሃካ ግዛት የሚኖሩት ማዛቴኮች እንኳ ሌሊቱን እየዘመረ የሚጠብቃቸው አዋቂ ይዘው ነው የሚወስዱት። ካፕሱሉን ብቻ መላክ ማደንዣ መርፌውን ልኮ ቀዶ ሐኪሙን እንደማስቀረት ነው።

አሁን ወደ እናትሽ። የነገርሽኝ አጭር ታሪክ ውስጥ ሦስት ነገር አስደንግጦኛል። የመጀመሪያው አጎትሽ ናቸው። ድምፅ የሚያሰማ የአእምሮ ሕመም በወንድም ወይም በወላጅ ላይ ከታየ ጥናቶቹ ሰውየውን ገና ከበር ነው የሚመልሱት፤ ሳይኬደሊክ እንዲህ ባለ ቤተሰብ ውስጥ ተኝቶ የነበረውን ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል ተብሎ ይፈራልና። ሌላ ምንም ምክንያት ባይኖር ለእኔ ይኼ ብቻ ይበቃኝ ነበር። ሁለተኛው ግፊታቸው ነው፤ ሲሎሳይቢን የደም ግፊትንና የልብ ምትን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል። ሦስተኛው አሚትሪፕታይሊኑ ነው። እሱም በልብ ምት ላይ የራሱ ተጽዕኖ አለው፤ የድባቴ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አብዛኞቹ ጥናቶች ውስጥ የሚገቡት በሐኪም ክትትል ቀስ ብለው ካቆሙ በኋላ ነው። «እንግዲያው ላስቁማት» እንዳትዪ ብቻ። በድንገት ማቆም እንቅልፍ ይነሣል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያስጨንቃል።

የካፕሱሉንም ውስጥ ማንም አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ እንጉዳይ አለው ተብሎ በየሱቁ የተሸጠ ቸኮሌት ብዙ ሰው ሆስፒታል አስገብቶ ከገበያ ተሰብስቧል። ተቆጣጣሪው በበዛበት አገር ይኼ ከሆነ በሻንጣ ለሚመጣው ማን ይመሰክራል?

ሕጉም አለ። ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ2022 በሕዝብ ድምፅ ፈቅዳለች፤ እህትሽ አልዋሸችሽም። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን ዛሬም የተከለከለ ነው። በእኛ የወንጀል ሕግ ደግሞ አንቀጽ 525 ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮችን ይመለከታል። ዴንቨር የተፈቀደ ነገር ቦሌ ላይ አልተፈቀደም። ሻንጣው የሚያዘው ላኪዋ እጅ ላይ አይደለም፤ አደራ ብሎ ይዞላችሁ የመጣው ሰው እጅ ላይ ነው።

ሌላም አገር ቢሆን ለሐዘን ብሎ የፈቀደው ሰፊ አይምሰልሽ። አውስትራሊያ ከሐምሌ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፈቃድ ያላቸው የአእምሮ ሐኪሞች ሲሎሳይቢንን በሌላ መድኃኒት ላልተሻለው ድባቴ፣ ኤም ዲ ኤም ኤ የተባለውን ሌላ ንጥረ ነገር ደግሞ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ ለሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት እንዲያዙ ፈቅዳለች፤ ሐዘን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ነሐሴ 2024 ላይ ኤም ዲ ኤም ኤን ሳያጸድቅ ተጨማሪ ጥናት ጠይቋል። አንዱ ችግር ግልጽ ነው፤ ባዶ እንክብል የደረሰው ሰው ባዶ እንደደረሰው ወዲያው ያውቀዋል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ የሠራውንና ተስፋው የሠራውን ለመለየት ያስቸግራል። በዚያው ላይ ካናዳ ውስጥ በተካሄደ አንድ የኤም ዲ ኤም ኤ ጥናት ሁለት ቴራፒስቶች መድኃኒቱ ውስጥ ያለች ታካሚን ያለ አግባብ ነክተዋል። ይኼን ሳስብ ሁሌ ይቆረቁረኛል። ሐዘንተኛን ልቡን ከፍተሽ ካስተኛሽው በኋላ የሚጠብቀው ሰው ማንነት ከመድኃኒቱ በላይ ነው።

ያም ሆኖ ምርምሩን እደግፈዋለሁ። ተስፋ አለው ብዬ አምናለሁ፤ በወጉ ተጠንቶ፣ በወጉ ተፈቅዶ አገራችን ቢገባ ደስ ከሚላቸው አንዱ እኔ ነኝ። ለእናትሽ ግን፣ በዚህ መንገድ፣ አይሆንም።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ «እንጉዳይ ከተባለ የእኛም ዱር አለው» የሚል ሰው አይጠፋም። በክረምት ከሚበቅለው እንጉዳይ ጉበት የሚያቃጥል አለበት። ክፉነቱ ደግሞ ማስመለሱና ተቅማጡ ከተበላ ከብዙ ሰዓት በኋላ መጀመሩ ነው፤ ያኔ መርዙ ሥራውን ጀምሯል። አስተናግርም፣ አጤ ፋሪስ የሚሉትም ያው ነው፣ ሳይኬደሊክ አይደለም። ያቃዣል፣ አፍ ያደርቃል፣ ልብ ያስሮጣል፣ ይገድላል። «ለሐዘን ነው» ብሎ ቀምሞ የሚሰጥ ሰው ቢመጣ በር አትክፈቱለት። ለሰውዬው ሳይነገረው በሻይ አድርጎ መስጠትም፣ ምንም ነገር ቢሆን፣ በደል ነው። አንቺ ታደርጊዋለሽ ብዬ አይደለም፤ የጨነቀው ቤተሰብ ሲያደርገው ስላየሁ ነው።

ስለ አባትሽ አልጠየቅሽኝም፤ እኔ ግን ሳልናገር አላልፍም። ጫት ሰውን የሚያነቃው ውስጡ ባለው ካቲኖን በሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ካቲኖን አነቃቂ እንጂ ሳይኬደሊክ አይደለም። በምርቃናው ሰዓት ሐዘኑ ፈቀቅ ይላል፤ ወሬ ይመጣል፣ ዕቅድ ይመጣል። ሌሊቱን ዱካኩ ሲመጣ ሐዘኑ ወለዱን ይዞ ይመለሳል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ሐዘኑን የሚሸከምበት ጉልበት የለውም። የአወዳይን ሰው ጫት ተው ማለት ከባድ እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አትጨቃጨቂው። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ በርጫው ከአሥር ሰዓት እንዳያልፍ፣ እንቅልፉ እንዲመለስ ብቻ አግባቢው። ልጁን አልረሳም፤ ስሙን ከጠራ የሚሆነውን ፈርቶ ነው። በአንድ ቤት እናት ከሐዘኑ አልወጣ ስትል አባት ወደ ሐዘኑ አልገባ ሲል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የተቃረኑ ይመስላሉ እንጂ የቆሙት አንድ በር ላይ ነው።

ወደ እናትሽ ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ የተራዘመ ሐዘን ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ መለኪያው ከስድስት ወር በላይ የሚቆይ፣ ከሰውየው ባህል ልማድ ያለፈ፣ ኑሮን የሚያሽመደምድ ናፍቆት ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች የምደባ መጽሐፍ ለአዋቂ አንድ ዓመት ይላል። እኔ በእኛ አገር ስድስት ወር ብዬ አልቆጥርም፤ እናት እስከ ሙት ዓመት ጥቁር ብትለብስ ወጉ ነው። የእናትሽ ግን ሙት ዓመቱም አልፏል። ጥቁሩ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። አልጋው፣ የማያልፉበት መንገድ፣ ያልተከፈተው ሳጥን አንድ ላይ ሲደመሩ የሚሉት ነገር አለ።

የእኛ ወግ መርዶን ያውቅበታል። በጠዋት፣ ሰው ቤቱ ሳለ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ጎረቤት በር ላይ አቁሞ ነው የሚነገረው፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይወድቅ። ይኼን ያህል ጥበብ ያለው ወግ ከመርዶው በኋላ ግን ሌላ ነገር ያደርጋል፤ ታሪኩን ይደብቃል። «ምንም ሳይሠቃይ ነው የሄደው» ይባላል። «አይታይም» ይባላል። ከአርባው በኋላ ደግሞ «በቃሽ፣ ፈጣሪን ማማረር ይሆናል» ይመጣል። የሚባለው ሁሉ በፍቅር ነው። እናት ግን የልጇን መጨረሻ በሰው አፍ ተቆራርጦ ነው የሰማችው። ያላየችውን እንዴት ትመን? በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ሬሳቸው ያልተገኘ ነበሩ፤ ከዓመታት በኋላም «ምናልባት ጅቡቲ ገብቶ ይሆናል» የሚሉ ቤተሰቦች አጋጥመውኛል። የእናትሽ አልጋ ማንጠፍም ከዚህ የራቀ አይደለም። ሞቱን በጆሯቸው ሰምተዋል፤ እጃቸው ግን ገና አልሰማም።

ለዚህ ዓይነቱ ሐዘን የተሠራ የንግግር ሕክምና አለ። አሜሪካዊቷ የአእምሮ ሐኪም ካትሪን ሺር ያዘጋጀችው ሲሆን 16 ጊዜ፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚሰጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናቷ 395 ሐዘንተኞችን ይዞ ነበር። ባዶ እንክብልና መደበኛ ክትትል ብቻ ካገኙት ከመቶው 55 ያህሉ ሲሻላቸው፣ የንግግር ሕክምናው ከታከለላቸው 83 ያህሉ ተሽሏቸዋል። ሲታሎፕራም የተባለው የድባቴ መድኃኒት ሲጨመርበት ድባቴውን አቀለለ፤ ሐዘኑ ላይ ግን ይኼ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። እናትሽ አሚትሪፕታይሊን እየወሰዱ ሐዘኑ ያልተነቃነቀው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባሻል። መድኃኒቱ እንቅልፋቸውን ይዞላቸው ይሆናል፤ ሐዘኑን ማንም አልነካላቸውም።

የሕክምናው እምብርት አንድ ነገር ነው፤ ሐዘንተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ሞቱን የሰማበትን ቀን አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጎ ይናገራል። ይቀረጻል። ቤቱ ወስዶ ያዳምጠዋል። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ይናገራል። ጎን ለጎን የሚሸሸውን ቦታ ጥቂት በጥቂት ይደርስበታል፤ ከሟቹ ጋርም በሐሳብ ይነጋገራል። ጨካኝ ይመስላል፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንዲያ መስሎኝ ነበር።

ሐረር ላይ አንዲት እናት ነበሩ፤ እንዳይለዩ ነገሩን አዟዙሬ ነው የምነግርሽ። ልጃቸው ሰው አገር ነው ያረፈው። ስልኩን በየማታው ቻርጅ ያደርጉ ነበር። ታሪኩን ንገሩኝ ስላቸው በመጀመሪያው ሳምንት «ፈጅር ሰግጄ ተቀመጥኩ፣ በር ተንኳኳ» ብለው አቆሙ። በሁለተኛውም በር ተንኳኳ፤ ከዚያ አላለፉም። በሦስተኛው ሳምንት ነው የመጣው። የሐረር ቤት ጫማ ተወልቆ እንደሚገባ ታውቂያለሽ። «ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ሳያወልቁ ገቡ፤ ነደባው፣ መቀመጫ መደቡ፣ ላይ ሳይወጡ ቆመው ቀሩ፤ ያኔ አወቅሁ» አሉ። እጃቸው ጉልበታቸውን እንደ ሊጥ ሲያሽ ይታየኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ጫማ አድርጎ ሲገባ ለምን እንደሚንቀጠቀጡ እሳቸውም አያውቁም ነበር። ድምፃቸውን በልጃቸው ስልክ ልቅረጽ ብላቸው እንቢ አሉኝ፤ ልክ ነበሩ፣ በነርሷ ስልክ ተቀዳ። ያን ቅጂ ስንት ጊዜ እንዳዳመጡት እንጃ። አንድ ቀን መጥተው ስለ ሞቱ ሳይሆን ልጁ ሕፃን ሳለ በጀጎል ፈላና በር ላይ ኬላ ቆጣሪ እየሆነ ይጫወት ስለነበረው ሲያወሩኝ እየሳቁ ነበር። ስልኩን ቻርጅ ማድረግ ግን አልተዉም፤ ዓርብ ዓርብ አደረጉት። እኔም ዓርብ ዓርቡን አልነካሁባቸውም።

ስለዚህ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ? ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይዘሻቸው ሂጂ፤ «ግፊትሽንና እንቅልፍሽን እናሳይ» ብትዪያቸው ውሸት አይሆንም። ለሐኪሙ የአጎትሽን ነገር፣ የመድኃኒቱን ስም፣ በተለይም ሳጥኑ እንዳልተከፈተላቸው ንገሪው። የሺርን ሕክምና በስሙ የሠለጠነ ባታገኚ እንኳ ታሪኩን ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሐኪም፣ ነርስ ወይም ሳይኮሎጂስት ጠይቂ።

አስከሬኑን ያየ ሰው መኖር አለበት፤ ለይቶ የተረከበ አጎት፣ ረዳቱ፣ ጓደኛው። እናትሽ በሕክምና ላይ ሳሉ፣ እሳቸው ከጠየቁ፣ እሳቸው በመረጡት ሰዓት፣ ያ ሰው መጥቶ ያየውን ይንገራቸው። አያስውበው፣ አያክብደው። ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር፣ ማን ዓይኑን እንደከደነው፣ በምን እንደተገነዘ። እናት በሐሳቧ የምትሥለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከሆነው የባሰ ነው።

አልጋውን አታፍርሺባቸው። መንገዱን ደግሞ በአንድ ቀን ደወሌ ድረስ አይደለም፤ በባጃጅ እስከ ከተማው መውጫ፣ ወርዶ ቆሞ፣ ተመልሶ ቡና። የዕድራችሁን ሴቶች ደግሞ ሁለት ሦስቱን ምረጪ፤ እዝን ይዘው መጥተው ከአርባው በኋላ የጠፉትን። ሐረር ቢሆን የአፎቻ ሴቶችን እልሽ ነበር። በወር አንድ ቀን ይምጡ፤ ሲመጡም «አይዞሽ» ብለው ወሬ እንዳያስለውጡ አስቀድመሽ አደራ በያቸው። ስለ ልጁ ይጠይቋቸው፤ ስሙን ይጥሩት።

አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። እናትሽ «እሱ ዘንድ ብሄድ» ይሉ እንደሆነ ፊት ለፊት ጠይቂያቸው፤ «ራስሽን ማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጥም። ናፍቆት ብቻ ከሆነ ይነግሩሻል። አሳብ ወይም ዕቅድ ካለ ብቻቸውን አትተያቸው፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰጃቸው። ሁሉም ደህና ቢመስልሽም አሚትሪፕታይሊኑን አንቺ ያዢውና የአንድ ቀኑን የአንድ ቀኑን ስጫቸው፤ በዛ ብሎ ከተዋጠ ልብ የሚያቆም መድኃኒት ነው።

እህትሽ ቀረችኝ። ካፕሱሉን የምትልከው እሷ መርዶውን ዴንቨር ሆና በስልክ ነው የሰማችው፤ ሽማግሌ በሯን አላንኳኳም፤ ድንኳን አልተተከለላትም፤ ምናልባት በማግስቱ ሥራ ገብታ ይሆናል። «ሐዘን የሚያክም እንጉዳይ አለ» ስትልሽ ለማን እንደምትፈልገው እኔ አላውቅም። ዛሬ ማታ ስትደውል «አትላኪ» ከማለትሽ በፊት ስልኩ ሲጮህ የት እንደነበረች፣ ማን አጠገቧ እንደነበረ ጠይቂያትና እስክትጨርስ ስሚያት።